ታራንቱላን ወደ አዲስ ማኖሪያ ማዛወርና ማላመድ፦ በድሬዳዋ ለሚያኖሩ

ታራንቱላ የምትባለው ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት በቤት ውስጥ ከሚያዙ እንስሳት ሁሉ አነስተኛ እንክብካቤ የምትፈልግ ናት ሲባል ይሰማል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ አትጮኽም፣ አትሸትም፣ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን አንዴ ብትመገብ ይበቃታል። ይሁን እንጂ ይህ ቅለት የሚገኘው ማኖሪያዋ በሚገባ ከተሰናዳና እርሷም ከለመደችው በኋላ ነው። ከአንድ ሣጥን ወደ ሌላ የምትዛወርበት ሰሞን ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በዚህ ወቅት ጉዳት የሚደርስባት ብዙውን ጊዜ ባለቤቷ ቸል ስላላት ሳይሆን ቤቱን ሳያሰናዳ ስላስገባት፣ ደጋግሞ ስለነካካትና ቶሎ ላብላት ብሎ ስለተጣደፈ ነው። ከተማችን ድሬዳዋ ደግሞ በዚህ ላይ ሁለት ችግሮች ትጨምራለች፤ አንደኛው የግንቦትና የሰኔ ሙቀት፣ ሁለተኛው በየቤቱ የሚረጨው የትንኝና የበረሮ መድኃኒት ነው።

ይህን የምጽፈው ወደ ውጭ አገር ከሄደ ወዳጄ የተረከብኳትን አንዲት የሜክሲኮ ቀይ ጉልበት ታራንቱላ ከዚራ በሚገኘው የቆርቆሮ ክዳን ቤታችን ለዓመታት ካኖርኩ በኋላ ነው። የዚህ ዓይነቷ ሴት ታራንቱላ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ስለምትችል የሚሠራላት ቤት የአንድ ሰሞን ጉዳይ አይደለም። ወንዱ ግን ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቆይም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ፈቃድ አንድ ነገር መባል አለበት። ቀይ ጉልበቷ የምትመደብበት ብራኪፔልማ የተባለው ወገን ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ የሰፈረ ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ እንዲህ ያለችው ሸረሪት ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ልትሻገር አይገባም። ከተራራ ሥር ወይም ከእርሻ ዳር ያገኙትን ሸረሪት ይዞ ወደ ቤት መግባትንም እኔ አልደግፍም። የዱር እንስሳን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅ የሚደረግ መሆን የለበትም፤ በተጨማሪም የአፍሪካ ታራንቱላዎች የአሜሪካዎቹን ያህል ታጋሾች አይደሉም። የሚያሳክክ ፀጉር ስለሌላቸው መከላከያቸው ንክሻ ብቻ ነው፤ ፈጣኖች ናቸው፤ ሲነክሱም ሕመሙ የበረታ ነው። የአሜሪካዎቹ አብዛኞቹ በአንጻሩ ሲቆጡ በሆዳቸው ላይ ያለውን ደቃቅ ፀጉር በኋላ እግራቸው ጠርገው ይበትኑታል፤ ይህም ቆዳን የሚያሳክክ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነገር ነው።

ሣጥኑ

የሣጥኑ መጠን የሚወሰነው በሸረሪቷ የእግር ስፋት ነው። ስትዘረጋ ከፊተኛው እግሯ ጫፍ እስከ ተቃራኒው የኋላ እግሯ ጫፍ ያለውን በመስታወቱ በኩል ማስመሪያ አስጠግተው ይለኩ። መሬት ላይ ለምትኖር ዝርያ የሣጥኑ ርዝመት የዚህን ሦስት እጥፍ፣ ወርዱ ደግሞ ሁለት እጥፍ ቢሆን በቂ ነው። የእኔዋ 14 ሴንቲ ሜትር ስለነበረች 42 በ28 የሆነ ሣጥን ተስማምቷታል። ከዚህ በላይ መስፋቱ አይጠቅማትም።

ዋናው ነገር ቁመቱ ነው። ከአፈሩ ገጽ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከእግር ስፋቷ አንድ እጥፍ ተኩል መብለጥ የለበትም፤ ለ14 ሴንቲ ሜትር ሸረሪት 21 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ምክንያቱም የመሬት ታራንቱላ ከባድ ናት፤ ሆዷም በስስ ቆዳ የተሸፈነ፣ በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት ነው። ከፍ ካለ ቦታ ብትወድቅና ሆዷ ቢሰነጠቅ ደሟ ፈስሶ ትሞታለች። እኔ የመጀመሪያውን ሣጥን ያሠራሁት ዓይኔ የወደደውን ቁመት ተከትዬ ነበር፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ግማሹ ባዶ የሆነ የሚያምር መስታወት። በገባች በሦስተኛው ሌሊት ክዳኑ ድረስ ወጥታ ስትወድቅ የተሰማኝን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከሸክላው ስባሪ አንድ ጣት ያህል ርቃ ለስላሳ አፈር ላይ ስላረፈች ተረፈች። በማግስቱ አፈሩን ሞልቼ ቁመቱን አሳጠርኩት። ረጅም ሣጥን የሚያስፈልጋቸው ዛፍ ላይ የሚኖሩ ዝርያዎች ብቻ ናቸው።

መስታወቱን ከመስታወት ቆራጭ፣ ክዳኑን ከአሉሚኒየም ሠራተኛ ማሠራት ይቻላል። የተጣበቀበት ሲሊኮን ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ክፍት ሆኖ ይቆይ። ለክዳን የወንፊት ሽቦ አይጠቀሙ፤ በእግሯ ጫፍ ያሉት ደቃቅ ጥፍሮች በሽቦው ቀዳዳ ተይዘው ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ እግሯንም ልትቆርጥ ትችላለች። የሚሻለው ወፍራም ፕላስቲክ ወስዶ የጋለ ምስማር እየበሱ ቀዳዳ ማውጣት ነው። ቀዳዳዎቹ እግሮቿ ከሚበቅሉበት ከፊተኛው የአካሏ ክፍል በግልጽ የጠበቡ ይሁኑ፤ እርሱ ባለፈበት ሆዷም ተጨምቆ ያልፋልና። ቀዳዳውን በክዳኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ተቃራኒ ጎኖችም ማውጣት አየሩ እንዲዘዋወር ያደርጋል፤ የታፈነ ሞቃት እርጥበት ከደረቅ ሙቀት ይብሳል። ክዳኑ መቆለፊያ ይኑረው። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ የምክር ጉዳይ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሣጥኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ እግሮች ለጉንዳን መንገድ እንዳይሆኑ፣ እናቶቻችን ለምግብ ማስቀመጫ እንደሚያደርጉት፣ እያንዳንዱን እግር ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም ጥሩ መከላከያ ነው። በድሬዳዋ ግን ክፍት ውሃ ሌላ ጣጣ አለው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማውን ያስጨነቀው የችኩንጉኒያ ወረርሽኝ የተዛመተው በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ በምትራባው ትንኝ አማካይነት ነበር። ስለዚህ በጣሳው ውሃ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ ውሃውንም በየሦስት ቀኑ ይድፉና ይቀይሩ።

አፈር፣ ጎጆና ውሃ

ለቆፋሪ ዝርያ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ላይ ላዩን ለምትኖር ደግሞ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ያስፈልጋል። በሙቀታችን ምክንያት ለሁሉም ጠለቅ ማድረጉን እመርጣለሁ። ከደቻቱ ወንዝ የሚመጣው አሸዋ በቅርብ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ነገር ግን አሸዋ ብቻውን ጉድጓድ አይይዝም፣ ይናዳል፤ ጎርፍ ከከተማው ያጠበውን ቆሻሻም ተሸክሞ ይወርዳል። የሚሻለው ማዳበሪያ ያልገባበት የችግኝ አፈር ሦስት እጅ ከታጠበ አሸዋ አንድ እጅ ጋር መቀላቀል ነው። ከዚያ በአሮጌ ምጣድ ላይ እያገላበጡ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ማመስ ነፍሳትንና የነፍሳትን እንቁላል ያጠፋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ እየረጩ ያሹት። በእጅ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን የሚይዝ፣ ነገር ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ሲሆን ደርሷል። ሣጥኑ ውስጥ ከተጠቀጠቀ በኋላ ገጹ እንዲደርቅ መተው፣ ሥሩ ግን እርጥበቱን እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል።

ገራባ፣ ማለትም ከጫት የሚተርፈው ቅጠል፣ ለንጣፍ እንዲሆን የሚመክሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጫት በማሳ ላይ ፀረ ተባይ ሊረጭበት ስለሚችል ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ለመደበቂያ የውጭ አገር ሰዎች የዛፍ ልጥ ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን አንገቱ ከተሰበረ ጀበና የተሻለ አላገኘሁም። ሆዱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በደረቱ ሲደፋ፣ ሁለት ሦስተኛው በአፈር ሲቀበርና አፉ ወደ ክፍሉ ጨለማ ጎን ሲዞር፣ ሸረሪቷ የምትመርጠው ዓይነት ጠባብ ዋሻ ይሆናል። የተሰበረው ጠርዝ ስለሚቆርጥ በብርጭቆ ወረቀት ይሙረዱት። ቡና የተፈላበት ከሆነ ያለ ሳሙና በፈላ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። ሸክላው እርጥበት ስለሚይዝ በቀትር ከውስጥ ቀዝቀዝ ይላል። ድንጋይ ወይም ሌላ ስለታም ጌጥ ግን አያስገቡ።

ውሃ ሁልጊዜ መኖር አለበት። ለትንሿ የሃይላንድ ክዳን፣ ለትልቋ ጥልቀት የሌለው ትንሽ ሳሕን ይበቃል። ስፖንጅ ወይም ጥጥ መንከር የቆየ ልማድ ቢሆንም የጀርም መራቢያ ከመሆን በቀር አይጠቅምም፤ ትልቅ ታራንቱላ ከገንዳ ለመጠጣት አትቸገርም። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚተወው ነጭ ቅርፊት እዚህም ይከሰታል፤ ሳሕኑን በሳምንት አንዴ በሎሚ አሽቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ያስለቅቀዋል።

ሸረሪቷ ሳትገባ አንድ ሳምንት

ሣጥኑ ከተሰናዳ በኋላ ወዲያው አያስገቧት። ለሰባት ቀን ባዶውን በታሰበለት ቦታ ያስቀምጡትና የሙቀት መለኪያ ከአፈሩ አጠገብ ያኑሩበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያለውን ቁጥር በየቀኑ ይጻፉ። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ምቹ ነው። እስከ 32 የሚደርስ ቀትር፣ ሥሩ እርጥብ የሆነ ጥልቅ አፈርና ውሃ ካለ፣ ይቻላል። ከ35 በላይ ግን አደጋ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ በመሆኗ በግንቦትና በሰኔ ይህ ቁጥር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በቀላሉ ይታለፋል።

ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ከመደርደሪያ አናት ይልቅ ለወለሉ በቀረበ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ፀሐይ በማይመታው የውስጥ ግድግዳ በኩል ይሁን። በእኛ ቤት በአንድ የግንቦት ቀትር መለኪያው መደርደሪያው ላይ 36 ሲያሳይ ከወለሉ አጠገብ 31 ነበር፤ ይህ የአምስት ዲግሪ ልዩነት ለሸረሪቷ የሕይወት ጉዳይ ነው። በመስኮት በኩል የሚገባ የፀሐይ ጨረር መስታወቱን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምድጃ ያደርገዋልና ለአፍታም አይፈቀድም። በጣም በከፋ ቀን የቀዘቀዘ ውሃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሣጥኑ ውጭ በአንድ ጎን ማስጠጋት፣ ወይም እርጥብ ጆንያ ከጎኑ አንጠልጥሎ ነፋስ እንዲያልፍበት ማድረግ ይረዳል። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ንፋሱ ሣጥኑ ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ ይጠንቀቅ፤ ያደርቃታል።

ሐረር ላሉት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከተማዋ ከ1,850 ሜትር በላይ ስለሆነች የሚያሳስበው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው። ሣጥኑን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ማታ በብርድ ልብስ ሦስቱን ጎን መሸፈን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በሣጥኑ ሥር ማሞቂያ ማድረግ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሸረሪት ሙቀት ሲበዛባት ቅዝቃዜ ፍለጋ የምትቆፍረው ወደ ታች በመሆኑ፣ ከሥር የሚሞቅ አፈር ወደ እሳቱ ይመራታል።

ማዛወር

ማዛወሪያው ቀን ከመወሰኑ በፊት ሸረሪቷ ቆዳ ለመቀየር እየተቃረበች እንዳልሆነ ያረጋግጡ። ለሳምንታት ምግብ ከናቀች፣ ከሆዷ ላይ ፀጉር የተነሣበት ገላጣ ቦታ ጠቁሮ ካበጠና ከተወለወለ፣ ወይም የጎጆዋን አፍ በድር ከዘጋች ይተዉአት። ቆዳዋን ቀይራ እስክትጠነክር መጠበቅ ምንም አያጎድልም።

ሥራው የሚሠራው በማለዳ፣ ቀዝቀዝ ሲል፣ መሬት ላይ በመቀመጥ ነው። በሩን ዘግተው ሥሩን በፎጣ ይድፈኑ፣ ማራገቢያውን ያጥፉ። የቆየውንም አዲሱንም ሣጥን፣ ካልበቃ ደግሞ የቆየውን ብቻ፣ በትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ብታመልጥ እንኳ የሳፋው ግድግዳ ለጥቂት ጊዜ ያዘገያታል። የሚያስፈልገው ዕቃ ሰፊ አፍ ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጠንካራ ካርቶንና ረጅም እጀታ ያለው ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ነው። መነጽር ቢያደርጉና ረጅም እጅጌ ቢለብሱ ከሚበተነው ፀጉር ይጠበቃሉ።

የፕላስቲኩን ዕቃ በጎኑ አጋድመው ከፊት ለፊቷ ያድርጉ፤ ከዚያ የኋላ እግሯን በብሩሹ ጫፍ በቀስታ ይንኩ። አንድ እርምጃ ትሄዳለች፤ ትቆማለች። እርስዎም ይቁሙ። እንደገና ይንኩ። ይህ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ምንም አይደለም፤ የሚጣደፍ እጅ የሚጣደፍ ሸረሪት ይፈጥራል። እስትንፋስዎ እንዳያርፍባት ፊትዎን ራቅ ያድርጉ፤ ድንገተኛ የአየር ንዝረት በእግሮቿ ፀጉር በኩል ስለሚሰማት እንደ ጠላት ትቆጥረዋለች። ከገባች በኋላ አፉን በካርቶኑ ይክደኑ፣ ወደ አዲሱ ሣጥን አውርደው በመደበቂያው አፍ ትይዩ ያጋድሙት፣ ካርቶኑን ያንሡና በራሷ ጊዜ እስክትወጣ ይጠብቁ። አራግፎ መጣል አይገባም። በእጅ ማንሣትም እንዲሁ፤ በታራንቱላ ንክሻ ሰው ሞተ ተብሎ የተረጋገጠ ነገር ባይኖርም፣ አንድ ድንጋጤ ከሰው እጅ ላይ አስወድቆ ሸረሪቷን ሊገድላት ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ባለቤቶች በጣም የሚጨነቁት በዚህ ጊዜ ነው፤ ጭንቀቱም ለሸረሪቷ አደገኛ ነው። በመስታወቱ ላይ ተለጥፋ ቀናት ልታሳልፍ፣ በአንድ ጥግ ተኮማትራ ልትቀመጥ፣ ወይም እግሮቿን ከአፈሩ አንሥታ በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ልትሰፍር ትችላለች። ይህ አዲስ አፈር፣ አዲስ ሽታና አዲስ እርጥበት ሲያጋጥማት የምታሳየው የተለመደ ጠባይ ነው፤ መስታወቱን የምትወጣው አፈሩ በጣም ስለራሰባት ከሆነም ክዳኑ ሥር አየር እንዲገባ አድርጎ ገጹ እስኪደርቅ መጠበቅ ይበቃል። ሣጥኑን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ከቴሌቪዥንና ከድምፅ ማጉያ ያርቁት፣ እንግዳ ሲመጣ እየከፈቱ አያሳዩ። ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ድረስ ምንም ምግብ አያስገቡ። ጤናማ የሆነች ትልቅ ታራንቱላ ወራት ሳትበላ መቆየት ትችላለች፤ ውሃ ግን ለአንድ ቀንም አይጉደል።

የመላመድዋ ምልክት ድር ነው። የእኔዋ በዐሥራ አንደኛው ሌሊት ያደረገችውን በቀይ አምፖል ብርሃን አይቼዋለሁ። ከጀበናው ስባሪ ሥር ገብታ ከቆየች በኋላ ጀርባዋን አስቀድማ ወጣች፤ በጥርሶቿና በአፏ ዳር ባሉት አጫጭር እግሮች መካከል የለውዝ ፍሬ የሚያህል አፈር ይዛለች፤ አፈሩ እንዳይበተን በድር ተጠቅልሏል። ወደ ሣጥኑ ጥግ ወስዳ ካስቀመጠችው በኋላ ከኋላዋ ባሉት ሁለት ረጃጅም የድር ማውጫዎች ግራና ቀኝ እያበሰች መሬቱ ላይ አሰረችው። ተመልሳ ገባች፣ ሌላ ይዛ ወጣች። ሲነጋ የውሃው ሳሕን በአፈር ተሞልቶ ነበር። ሳሕኑን አጽድቼ ውሃ ሞላሁ፤ በማግስቱ ደግማ ሞላችው። እንዲህ ያለውን ሥራ ማስተካከል ሳይሆን መተው ነው የሚገባው፤ ሳሕኑን ብቻ ወደ ሌላው ጥግ አዛውሩት።

ከዚያ በኋላ ምግብ ይቀርባል። መጠኑ ከሸረሪቷ ሆድ ያልበለጠ አንድ ፌንጣ ማታ ላይ ያስገቡ፤ እስከ ንጋት ካልበላችው ያውጡት፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይሞክሩ። ፌንጣውን ከየት እንደሚያመጡት ግን አጥብቀው ያስቡበት። በወጥ ቤት የተገኘ በረሮ መድኃኒት ቀምሶ የሚንከላወስ ሊሆን ይችላል። የአንበጣ መንጋ ምሥራቁን የአገራችንን ክፍል ባጠቃበት ጊዜ አንዳንድ ሰዎች አንበጣ ሰብስቡላት ብለውኝ ነበር፤ መንጋው ግን ከአውሮፕላን ጭምር መድኃኒት የተረጨበት ነበርና እምቢ አልኩ። አስተማማኙ መንገድ በቤት ማርባት ነው፤ ክዳኑ የተበሳ ባልዲ ውስጥ የእንቁላል ካርቶን ማቆም፣ ፉርሽካና የታጠበ የካሮት ቁራጭ መስጠት፣ በአንድ ጥግ ለእንቁላላቸው እርጥብ አሸዋ በትንሽ ሳሕን ማስቀመጥ ይበቃል። ከምግቧ የሚተርፈውን ጥቁር ድብልብል በወረንጦ ማንሣት ሻጋታ እንዳይበቅል ያደርጋል።

ቆዳ ስትቀይር

አንድ ማለዳ ሸረሪቷን በጀርባዋ ተገልብጣ፣ እግሮቿ ወደ ላይ ተዘርግተው ካገኟት አልሞተችም። ቆዳዋን ልትቀይር ነው። ታራንቱላ የምታድገው ጠንካራውን የላይ ልባሷን እየጣለች በመሆኑ፣ ይህ ለብዙ ሰዓት የሚቆይ ሥራ ሕይወቷን ሁሉ የሚደጋገም ነው። የሞተች ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ በሆዷ ተደፍታ እግሮቿን ከሥሯ አጥፋ ትገኛለች እንጂ በጀርባዋ አትገለበጥም። በዚህ ሰዓት መንካት፣ ውሃ መርጨት፣ ሣጥኑን ማንቀሳቀስ፣ ልርዳት ብሎ ቆዳ መሳብ ክልክል ነው። በሣጥኑ ውስጥ ሕያው ፌንጣ መቅረቱ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ አዲሱ ቆዳዋ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ስለሆነ የምትበላው ነፍሳት መልሶ ይበላታል። ጨርሳ ከተነሣች በኋላ ጥርሶቿ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቀላ ያሉ ይሆናሉ፤ ፈጽመው እስኪጠቁሩ፣ ለትልቅ ሸረሪት ሁለት ሳምንት ያህል፣ አይመግቧት።

መድኃኒትና ጭስ

የወባና የትንኝ ርጭት የሰውን ሕይወት የሚያድን በመሆኑ ለሸረሪት ሲባል ሊቀር አይገባም፤ የሚዛወረው ሸረሪቷ ናት። ርጭቱ እንደሚመጣ ሲነገር ሣጥኑን ዘግተው ወደማይረጭ የዘመድ ቤት ይውሰዱት፤ ቤቱ ተናፍሶ፣ ጠረጴዛው በሳሙና ታጥቦ ካልደረቀ አይመልሱት። ፍሊት፣ የትንኝ ማባረሪያ ጭስና ለውሻ ቁንጫ የሚቀባ መድኃኒት ሁሉም በነፍሳት ነርቭ ላይ የሚሠሩ በመሆናቸው ሸረሪትንም አይምሩም። በእጅ ላይ የቀረ ጥቂቱ እንኳ ስለሚጎዳ ሣጥኑን ከመክፈትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ። የቡና ዕጣን ከሣጥኑ በራቀ ክፍል ይጨስ።

ብዙዎች የማያስቡት አጎበርን ነው። ትንኝ ወደ ሣጥኑ እንዳይገባ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ክዳኑን መሸፈን መልካም ሐሳብ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የሚታደለው አጎበር በፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ቢያረጅም ለሸረሪት መርዝ ነው። የተመረዘች ሸረሪት ትንቀጠቀጣለች፣ እግሮቿ አይታዘዟትም፣ ዓላማ በሌለው አካሄድ ትሽከረከራለች። ማርከሻ የለውም፤ አዲስ አፈር ባለበት ንጹሕ ዕቃ ውስጥ፣ ነፋሻና ጨለማ ቦታ፣ ውሃ ከጎኗ አድርጎ መጠበቅ ብቻ ነው።

ከመመረዝ ጋር የሚምታታው የውሃ ጥም ነው። ታራንቱላ እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ቢሆንም የምትዘረጋው በደሟ ግፊት ነው፤ ስለዚህ ፈሳሽ ሲጎድላት እግሮቿ ከሥሯ ይጠቀለላሉ፣ ሆዷም ጎድሎ ይሸበሸባል። ይህን ካዩ በጣም ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር አፏ እንዲነካ አድርገው ያስጠጓት፤ አፏ በጥርሶቿ መነሻ መካከል ከሥር በኩል ነው። የምትተነፍስባቸው አራቱ ሳንባዎች ደግሞ ከሆዷ በታች ስላሉ ሆዷ ውሃ ውስጥ አይግባ። በጊዜ ከተደረሰላት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተነሥታ ትሄዳለች።

ለትልቋ አፈሩን በየጊዜው መቀየር አያስፈልግም፤ የሻገተውን ቦታ በማንኪያ ማንሣት ይበቃል። ገና በማደግ ላይ ያለችውን ግን የእግር ስፋቷ ከሣጥኑ ርዝመት ሲሶውን ሲያልፍ እንደገና ማዛወር ግድ ይላል። ያን ጊዜ ከቀድሞው አፈሯ ሁለት እፍኝ ያህል ከነድሩ አንሥተው በአዲሱ መደበቂያ አፍ ላይ ያኑሩት፤ ሻጋታና ተባይ የሌለበት መሆኑን ግን አስቀድመው ይመልከቱ። የእኔዋ በሁለተኛው ዝውውር ጊዜ እዚያው አፈር ላይ ቆማ የፊት እግሮቿን ደጋግማ ካሳረፈችበት በኋላ በዚያው ሌሊት ወደ ጀበናዋ ገባች፤ በአራተኛው ቀንም ድር ጀመረች።